አንጎል መጋቢው መርፌና ኢንሺራሕ

በመንደራችን በከፍር በደዋን ሰው ሲወድቅ የሚጠራው ሐኪም አይደለም፤ ጎረቤት ነው። ጎረቤት ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። አንዱ ሽንኩርት ሰንጥቆ ከአፍንጫ ስር ይደግናል። ሌላው ኮሎኝ ያርከፈክፋል። አንዷ ስኳር በጥብጣ በማንኪያ ልትግት ትታገላለች። ከስልኩ ላይ ጥበብ የቀሰመው ደግሞ የወደቀውን ሰው የጣቶች ጫፍ ወግቶ «መጥፎውን ደም» ሊያፈስለት የልብስ መርፌ በክብሪት ያግላል። የወደቀው ሰው፣ ግማሽ አካሉ ከድቶት፣ አፉ ወደ አንድ ጆሮው ተጎትቶ፣ ይህን ሁሉ ደግነት ያለ አንዳች ተቃውሞ ይቀበላል። ምን ያድርግ? መናገር አይችልም።

የእነዚህ ደጋጎች አለቃ ለሃያ ሁለት ዓመት ኢንሺራሕ ነበረች።

ኢንሺራሕን በበኩር ልጇ ስም ኡም ሙንዚር ይሏታል። ሥራዋ ቤት ለቤት እየዞሩ መርፌ መውጋት ነው። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ቦርሳ፣ ከሷ ቀድሞ በር የሚያንኳኳ የአልኮል ሽታ። የተማረችው በመንደሩ ጤና ጣቢያ ነው፤ ትምህርት ብሎ መጥራት ከተቻለ። በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጥራ ሳለ፣ ነርሷ ሻይዋ እንዳይቀዘቅዝባት ከወንበሯ መነሣት አስጠልቷት መርፌውን አቀበለቻት። መጀመሪያ የልጆች ክትባት፣ ኋላ የአዋቂ፣ ኋላም ጉሉኮስ መሰካት መጣ። በዓመቱ ነርሷ ሻይዋን ትጠጣለች፣ ኢንሺራሕ ሕዝቡን ትወጋለች፣ ጤና ጣቢያውም ሥራው ተቃንቶለታል ተብሎ የምስጋና ወረቀት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎለታል። «እጇ ቀላል ነው» ተባለላት። በኛ ዘንድ የሕክምና ማዕረግ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ አይደለም፣ ቂጥ ነው፤ ቂጥ ካልተቆጣ ሐኪሙ አዋቂ ነው።

ስሟን ያገነነው ግን አንድ ቢጫ ካርቶን ነው። ካርቶኑ የዶክተር ዋግዲ ነው። ዋግዲ የመንደሩ ብቸኛ መድኃኒት ቤት ባለቤት፣ ነጭ ጋዋኑን ለሠርግ እንኳ የማያወልቅ፣ ሳል ያዘኝ ላለውም ጨጓራዬን ላለውም አንድ ዓይነት ፊት የሚያሳይ ሰው ነው። ቢጫ ካርቶኖቹን በመስኮቱ መስታወት ውስጥ ከታች ሰፋ፣ ከላይ ሾል አድርጎ ደርድሯቸዋል፤ አባቶቻችን በድንጋይ የሠሩትን ፒራሚድ እሱ በካርቶን ሠራው። በካርቶኑ ላይ ጨረር የሚተፋ የሰው አንጎል ተሥሏል። ውስጡ ዐሥር ብልቃጥ አለ። ስሙ ረጅምና የፈረንጅ ስለሆነ ሕዝቡ «አንጎል መጋቢ» ብሎታል። ስትሮክ ለመታው ሁሉ ዐሥር ቀን፣ ዐሥር ብልቃጥ። በሽተኛው ከተሻለው፣ መጋቢው ነው ያዳነው። ከሞተ፣ ዕድሜው ነው። ሽባ ሆኖ ከቀረ ደግሞ ሌላ ካርቶን ያስፈልገዋል። እንዲህ ያለ ተሸንፎ የማያውቅ መድኃኒት በዓለም ላይ አልታየም።

ኢንሺራሕም ታምንበት ነበር። ከልቧ። በዚህ ላይ ማሾፍ አይቻልም፤ ዋጋውን የከፈለችው እሷው ናትና።

ባሏ ሸሃታ ከተምር ዛፍ ዘንግ የብርቱካን ሳጥን ይሠራ ነበር። መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ዘንጉን በእግሩ ጣቶች ቆንጥጦ፣ በቀኝ እጁ መዶሻ ቀዳዳውን እየበሳ፣ ቀኑን ሙሉ ኳ ኳ ሲያደርግ ይውላል። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በብርቱካን ለቀማ ወራት፣ አንድ ማለዳ መዶሻው ከእጁ ወደቀ። አነሣው፤ ወደቀ። ሦስተኛ ሊያነሣው ሲል ጣቶቹ እንቢ አሉ።

«ኢንሺራሕ» አላት። ምላሱ ተሳስሯል፣ ግን ይሰማል። «እጄን የሆነ ነገር ወሰደው። ሆስፒታል እንሂድ መሰለኝ።»

«የምን ሆስፒታል? እኔ እያለሁልህ?»

የደም ግፊቱ ነው ብላ ሁለት የግፊት እንክብል ከምላሱ ስር አደረገችለት። አንጎል መጋቢውን በደም ሥሩ ሰጠችው፤ በዚያች ቀላል እጇ፣ ምንም ሳይሰማው። ብርድ ልብስ ደረበችለት።

«ዛሬ ተኛ። ነገ ይሻልሃል።»

«ነገ?»

«ነገ።»

በሦስተኛው ቀን፣ ቀኝ ጎኑ እንደ እርጥብ ጆንያ ሲከብድባት፣ አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኘው የከተማው ሆስፒታል ወሰደችው። የተቀበለቻቸው ዶክተር ረይሃም የምትባል፣ ከእንቅልፍ ጋር ከተጣላች የሰነበተች የምትመስል ወጣት የነርቭ ሐኪም ነበረች።

«መቼ ጀመረው?»

«ከትናንት ወዲያ፣ ማለዳ።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እስከ ዛሬ ምን ሲያደርጉ ነበር፣ ሐጃ?»

«አንጎል መጋቢ ሰጠሁት፣ ሦስት ብልቃጥ። የግፊቱንም እንክብል።»

«ማሳ አላችሁ?»

«አለን እንጂ።»

«ቦዩ ተደፍኖ ማሳው ሲደርቅ ማዳበሪያ ይበትናሉ?»

«ምን ላድርግበት? ቦዩን እጠርጋለሁ እንጂ።»

«ታዲያ የሱም ቦይ ነው የተደፈነው። እርስዎ ማዳበሪያ በተኑበት፤ ያውም ማዳበሪያነቱ ያልተረጋገጠ። ግፊቱን ደግሞ በእንክብል ሲጥሉት፣ በጭላንጭሉ ሾልካ ትገባ የነበረችውን ጠብታም አስቀሩበት።»

ኢንሺራሕ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን አቀፈች። «አንጎልን ከጉዳት የሚጠብቅ መድኃኒት ጭራሽ የለም ማለት ነው፣ ልጄ?»

«ሲፈለግ የኔን ዕድሜ አልፏል። አይጥ ላይ የሠራ ስንት አለ መሰለዎት! ሰው ላይ ሲመጣ ዝም። አሁንም ይሞክራሉ፤ አንድ ቀን ይገኝ ይሆናል። ዛሬ በእጄ ያለው የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ነው። እሱም በሽታው ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ካመጣችሁልኝ፣ ሲቲ ስካኑም ደም መፍሰስ ካላሳየኝ። አንጎልን የሚጠብቀው ሰዓት ነው፣ ሐጃ። ሰውየው ራሱ እንሂድ ቢልዎት ኖሮ…»

«ብሎኝ ነበር» አለች ኢንሺራሕ።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን መልሳ አነሣች።

ሸሃታ ከሆስፒታል ሲወጣ ከነበረው ቋንቋ ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ተርፎት ነበር። ውሃ ሲጠማው ይላታል፣ ሲቆጣ ይላታል፣ ሲስቅ ይላታል። «ነገ።» በቀን መቶ ጊዜ፣ በዚያች በመጨረሻ በሰማት ድምፅ፣ «ነገ»። ስድስት ዓመት ሙሉ።

ሌላ ሴት ብትሆን ከቤት ተቀምጣ ታለቅስ ነበር፤ ጎረቤቱም የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር። ኢንሺራሕ ግን ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት አሮጊት ወድቃ እሷ ተጠራች፤ የቤቱ ሰዎች ቢጫውን ካርቶን ከፍተው ሲጠብቋት «እሱን አልወጋም፤ መኪና ጥሩ» አለች። የሰደቧትን ስድብ ወረቀት አይችለውም። የራሷን ባል ሽባ አድርጋ በሰው መዳን ቀናች ተባለ። ዋግዲ ደግሞ ከባንኮኒው ኋላ ሆኖ ለደንበኞቹ «ኡም ሙንዚር የነርቭ ፕሮፌሰር ሆናለች፤ ቀጠሮ ያዙ» እያለ ያስቃቸው ነበር።

እሷ ወደ ቦዩ ወረደች። መንደራችን ሰዓት አያውቅም፤ «ከቀትር ሶላት በኋላ»፣ «የዐስር ሶላት ሳይደርስ» እያለ ቀኑን በጭብጥ በጭብጥ ይከፋፍላል። የመስኖ ተራ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ገበሬ የስዊስ ሰዓት ሠሪ ይሆናል። ፓምፑ ስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደተነሣ፣ የማን ተራ ስንት ላይ እንዳለቀ በቃሉ ነው። በአንዲት ደቂቃ ውሃ አካፋ የተማዘዙ ወንድማማቾች አሉ።

«ለከብቶቻችሁ የበርሲም ሣር ደቂቃ ትቆጥራላችሁ» አለቻቸው፣ ከቦዩ ዳር ቆማ። «ለአባታችሁ አንጎል ግን ‹ከቀትር በኋላ› ትላላችሁ። አባታችሁ ከሣር ያንሳል?»

«እንደ አባቱ ነዋ!» አለ አንዱ፤ ሳቁ።

ሳቁ፣ ግን ሰሙ። ሰው ሲወድቅ ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ሰዓት ክንዱ ላይ ጻፉ አለቻቸው፤ ከወደቀበት ወይም ከተገኘበት ሳይሆን፣ ደህና ሆኖ ከታየበት። ካፉ ምንም አታስገቡ፤ እንክብልም፣ ስኳርም፣ ማንኪያም። በስድስት ዓመት ዘጠኝ ሰው አስጭና ላከች። በጊዜ የደረሱት ሁለት ናቸው፤ ከሁለቱ አንዷ ዛሬ የራሷን ሊጥ ታቦካለች፣ አንደኛውን ግን መድኃኒቱ ምንም አልረዳውም። ዋግዲ ይህንን ቁጥር ሲሰማ በሳቅ ሞተ። ዘጠኝ ብላ ሁለት! የሱ ካርቶን በወር ስንት እንደሚያልቅ ታውቃለች?

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጥጥ ልትገዛ ወደ መድኃኒት ቤቱ ገባች። ዋግዲ ብቻውን ነበር።

«ፕሮፌሰር! ዛሬ ስንት አንጎል አዳንሽ?»

«ጥጥ ስጠኝ፣ ዶክተር። የአንተን ማዳን አልችልም፤ ቀድመህ ሸጠኸዋል።»

«ምላስሽን ደግሞ ማን ያሟሟልሽ?» ጥጡን ወረወረላት። «ስሚኝ ኡም ሙንዚር፤ እኔ የምሸጠው ተስፋ ነው። ተስፋ ሰው ገድሎ ያውቃል?»

ይህን ሲል ከቦዩ በኩል ትልቁ ፓምፕ ጎርንኖ ተነሣ፤ የምሥራቁ ማሳ ተራ ነበር። አምስት ሰዓት። ኢንሺራሕ ጥጧን ይዛ ወጣች፣ በሩንም ከሚያስፈልገው በላይ አጮኸችው።

ከዚያ የሆነው እንዲህ ነው። በቀትር ሶላት ሰዓት የመድኃኒት ቤቱ በር ገርበብ ብሎ አዩት። መንገደኛው ዋግዲ መስጊድ ነው አለ። መስጊድ ያሉት ዋግዲ ሥራ በዝቶበት ነው አሉ። እሱ ግን ከባንኮኒው ኋላ፣ ከካርቶኖቹ እግር ስር፣ በጀርባው ተንጋሎ ጣራውን እያየ ነበር። የተገኘው ሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው፤ ራስ ምታት የያዘው አንድ ሰው ገብቶ ጮኸ።

ኢንሺራሕ ስትደርስ ቤቱ በደጋጎች ሞልቷል። ሽንኩርቱ ደርሷል፣ ኮሎኙ ደርሷል። የዋግዲ ሚስት ሐጃ ኢዕቲማድ ሁለት የግፊት እንክብል በመዳፏ ይዛ የባሏን መንጋጋ ልትከፍት ትታገላለች። ታላቅ ወንድሙ ሐጂ ፈትሑላህ፣ የቤተሰቡ ዳኛ፣ ከመሐል ቆሞ በምርኩዙ ወደ መስኮቱ ይጠቁማል።

«አንጎል መጋቢውን ክፈቱ! ወንድሜ በመድኃኒት ተከቦ በመድኃኒት እጦት ይሙት?»

ኢንሺራሕ እንክብሎቹን ከሐጃዋ መዳፍ ጠራርጋ ወለሉ ላይ በተነች።

«እብድ!» ጮኸች ሐጃ ኢዕቲማድ። «ባሌን ልትገይ ነው?»

«በኔ እጅ የተጎዳው ባል ከቤት ተቀምጧል፤ ሁለተኛ አልጨምርም። ሐጂ ፈትሑላህ፣ መኪና።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ውጪልን! ካርቶኑን አምጡ አልኩ!»

ካርቶኑ መጣ፤ ፒራሚዱ ተናደ። አንዱ ብልቃጡን ሰብሮ በመርፌ ቀድቶ፣ ከዋግዲ አጠገብ ተንበርክኮ ለኢንሺራሕ ዘረጋላት፤ መውጋቱንማ የምትችለው እሷ ናት። እሷ እጇን ወደ ኋላዋ አድርጋ ቆመች። በዚህ መሐል ዋግዲ፣ ቀኝ ጎኑ የሞተ፣ ምላሱ የታሰረ፣ ግራ እጁን ቀስ ብሎ አነሣ። እጁ እስከ መርፌው ደረሰች፤ መታችው። መርፌው በወለሉ ላይ ተንከባለለ። ከዚያ ያችው እጅ ወደ በሩ ጠቆመች።

ሠላሳ ዓመት ለመንደሩ ሲሸጥ የኖረውን፣ ተራው ሲደርሰው አንድ ጠብታ አልፈለገም። ያውቅ ነበር ማለት ነው። ኢንሺራሕ ይህን አየች፤ ያየችውን ጥርሷ መሐል ነክሳ ያዘችው። የሚተፋበት ጊዜ አልነበረም። ከኪሷ እስክሪብቶ አውጥታ፣ የግራ ክንዱን ጨምድዳ ይዛ፣ ሰዓቱን ጻፈችበት። አምስት። እስክሪብቶው እንቢ ሲላት ደግማ ደገመችበት፤ ቆዳው ቀላ።

የሾፌሩ የዜናቲ ሚኒባስ ወደ ገበያ የሚሄዱ ዐሥራ አንድ ሰዎች ጭኖ በር ላይ ቆሞ ነበር። ማንም አልወረደም፤ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ያመልጣል? ዋግዲን በጭናቸው ላይ አጋደሙት፤ አንዲት ሴት የዶሮ ቅርጫቷን ወደ እግሩ ገፋችለት። ኢንሺራሕ ከፊት ተቀምጣ ስልክ ደወለች።

«ዶክተር ረይሃም? ቀኝ ጎን፣ ንግግር የለም። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና የታየው አምስት ሰዓት። እየመጣን ነው።» ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞረች። «ዜናቲ፣ ሌላ ጊዜ እንደ አበደ ሰው ትነዳለህ፤ ዛሬ ምን ነካህ?»

«ዛሬ በሽተኛ ይዣለሁ ብዬ ነዋ!»

«እንደ ልማድህ ንዳ!»

ስምንት ሰዓት ከመሆኑ በፊት ደረሱ። አልጋው በር ላይ እየጠበቀ ነበር። ሐጂ ፈትሑላህ ኋላ ባገኘው ሌላ መኪና ቀድሞ ደርሶ፣ ከሐኪሟ ፊት ቆሞ እንዲህ ሲል አገኘችው፦

«አሁን ነው የወደቀ፣ ዶክተር። ገና ግማሽ ሰዓት ቢሆነው ነው። ወንድሜን የሚጠብቅ ሰው መቼ አጥቶ ያውቃል!»

ይህ የኛ ሰው በሽታ ነው። ወንድሙ ሁለት ሰዓት ያህል ያለ ሰው ወለል ላይ መውደቁ ነውር ነው፤ ስለዚህ አልሆነም። አንጎሉ የፈለገውን ይሁን፣ የቤተሰቡ ስም ደህና ይደር።

«ውሸት ነው» አለች ኢንሺራሕ ከኋላው። «አምስት ሰዓት ላይ ከኔ ጋር ሲሰዳደብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ክንዱን እይ፣ ልጄ።»

ሐጂ ፈትሑላህ ጆሮዋ ስር ተጠጋ። «አንቺ የተረገምሽ፣ ሦስት ሰዓት ሆነው ብትያት ሰዓት አልፏል ብላ ብትመልሰውስ?»

«ብትመልሰው በእውነት መለሰችው። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ያ መድኃኒት ቢሰጠው ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ይፈስሳል። ወንድምህን ለስምህ ብለህ ታስገድለዋለህ?»

«ሐጂ፣ ዞር ይበሉልኝ» አለች ዶክተሯ፤ ዐይኗ ከዋግዲ ክንድ ላይ ነው። «አምስት ሰዓት። ጊዜ አለን። እንክብል ከምላሱ ስር ሰጥታችሁታል?»

«አልገባም» አለች ኢንሺራሕ።

«ጎሽ። ግፊቱን እኛው በልኩ እናወርደዋለን። ወደ ሲቲ ስካን!»

ደም አልፈሰሰም ነበር፤ ቦዩ ነው የተደፈነው። መድኃኒቱ ስምንት ተኩል ላይ በደም ሥሩ መንጠብጠብ ጀመረ። ኢንሺራሕ ኮሪደሩ ላይ፣ ባሏን ባመጣች ጊዜ በተቀመጠችበት በዚያው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዐይኗን ከግድግዳው ሰዓት ሳትነቅል ዋለች። ዐሥር ሰዓት አካባቢ የዋግዲ ቀኝ እግር ጣቶች ተንቀሳቀሱ። ሐጂ ፈትሑላህ ወዲያው ለሚመጣው ጠያቂ ሁሉ እሱ በፍጥነት መኪና እንዳዘዘ መተረክ ጀመረ፤ ኢንሺራሕ አላረመችውም። መኪናው መጥቶ የለ።

ዋግዲ በአምስተኛው ሳምንት ወደ ባንኮኒው ተመለሰ። ቀኝ እግሩ ትንሽ ይጎትታል፤ ቃላት እንደ ዕዳ ከፋይ እያመነቱ ይወጡለታል፤ ግን ይወጣሉ። ኢንሺራሕ ጥጥ ልትገዛ ገባች። መስኮቱ ባዶ ነበር። ካርቶኖቹ የት ሄዱ? ከባንኮኒው ስር ነበሩ፤ ሰው ሁሉ ከወደቀበት ቦታ ቅዱስ ሆኖ ይነሣል የሚል ካለ ከፍር በደዋንን አያውቅም።

ዋግዲ የግራ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን አሳያት። ቀለሙ ከለቀቀ ሰንብቷል።

«እጅሽ… ቀላል ነው… ይላሉ» አለ፣ እያንዳንዷን ቃል እየገፋ። «ሳምንት… ሙሉ… ክንዴን… አሞኛል።»

«ደግሜ ልጽፍልህ?»

«አይ።» ከዚያ ከባንኮኒው ስር ጎንበስ ብሎ አንዱን ቢጫ ካርቶን አነሣና ወደ እሷ ገፋው፤ ሁለተኛውን፤ ሦስተኛውን። ያሉትን ሁሉ። «ውሰጂልኝ። ሚስቴ… ታያቸዋለች… ትሸጣቸዋለች።»

«ያኔ ለምን መታኸው፣ ዶክተር? መርፌውን?»

ዋግዲ ጆንያ ዘርግቶ ካርቶኖቹን መክተት ያዘ። ቃሉ ጠፍቶት ይሁን አልወጣ ብሎት፣ ማንም አያውቅም።

ኢንሺራሕ ካርቶኖቹን በጆንያ አዝላ ወደ ቤቷ ሄደች። ሸሃታ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ በግራ እጁ ዘንግ ይፍቃል፤ ቀዳዳውን የምትበሳለት እሷ ናት። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እየሰበረች ከግቢው ጥግ ባለው ጉድጓድ ውስጥ አፈሰሰች፤ እሱም መፋቁን ትቶ ሲያያት ቆየ።

«ዋግዲ ቆሞ ሄደ» አለችው። «አወራኝ። በጊዜ አደረስነው፣ ሸሃታ።»

«ነገ» አላት።

«ዛሬ» አለችው፤ መዶሻውን አንሥታ አጠገቡ ተቀመጠች። «ሆስፒታል ዛሬ ነው የሚሄዱት። ያንን ዘንግ አቀብለኝ።»

አቀበላት። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ሁለተኛውን ቀዳዳ ሳትጨርስ ከበሩ ላይ አንዲት ሴት ጠራቻት፦ አማቷ የያዘችውን ብርጭቆ ጥላ አፏ ተጣምሟል፤ አንጎል መጋቢ ይዛ ትምጣላቸው።

ኢንሺራሕ እስክሪብቶዋን ይዛ ተነሣች።

«ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ያያት ማነው? ስንት ሰዓት ላይ?»